አናት የማያልፍ ቅቤ

ሮቤ ገበያ፣ ቅቤ ተራ ውስጥ የአዴ ሞሚናን አፍንጫ የማያውቅ ነጋዴ ካለ ትናንት የመጣ መሆን አለበት። ሴትዮዋ የቀንድ እጀታ ያላት አንዲት ወስፌ ይዘው አርባ ዓመት ሙሉ እዚያው አንድ ቦታ ላይ ተቀምጠዋል። ቅቤ ሲቀርብላቸው ወስፌዋን እስከ መሀሉ ይሰዷታል፣ ዞር አድርገው ይመዟታል፣ ጫፏ ላይ የቀረውን በእጃቸው ጀርባ አሸት አድርገው ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ። ከዚያ ፍርዱ ይመጣል። «ይሄ የአጋርፋ ነው፤ የተናጠበት ቅል በደንብ አልታጠነም።» «ይሄ የጎሮ ነው፤ ላሚቱ ገለባ ላይ ነው የከረመችው።» «ይሄ ደግሞ ከደሎ መና ነው፤ መኪና ላይ ቀልጦ እንደገና የረጋ ነው። ለወጥ ይሆናል፣ ለራስ አይሆንም።» ሻጩ እየሳቀ ያምናል። ሙዝ የተለወሰበት ወይ የሚረጋ ዘይት የገባበት ከሆነ ግን ወስፌዋን በጨርቅ ጠርገው ዝም ይላሉ። በዚያ ዝምታ ስንቱ ዕቃውን ጠቅልሎ ከተራው ወጥቷል።

ልጃቸው ዙሀይራ ከጎናቸው የተቀመጠችው በአሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አሁን አርባ ስድስት ሆኗታል። ባል አግብታለች፣ ሴት ልጅ ድራለች፣ የራሷ ሚዛንና የራሷ ደንበኞች አሏት። ቅቤ ተራ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ «የሞሚና ልጅ» ናት። ነገሩ የወስፌዋ ነው። በዚያ ተራ ደንብ፣ ክርክር በተነሳ ቁጥር የመጨረሻው ቃል ወስፌዋን የያዘችው ሴት ቃል ነው። ወስፌዋ ደግሞ እንደ በሬና እንደ መሬት ሰው ሲሞት የምትወረስ ነገር አይደለችም። ያዢዋ በሕይወት እያለች፣ በገበያ ቀን፣ ነጋዴው ሁሉ እያየ ተነስታ «ከእንግዲህ እሷን ጠይቁ» ብላ መስጠት አለባት። ሞሚናም ከእናታቸው የተቀበሏት እንዲያ ነው።

ዙሀይራ እነዚያን ሦስት ቃላት ስትጠብቅ ሠላሳ አንድ ዓመት አለፋት። አንዳንዴ በቀልድ አስመስላ፣ «አዮ፣ እኔ መቼ ነው የምይዛት?» ትላለች። በሮቤ እናትን «አዮ» ማለት የተለመደ ነው። ሞሚናም ቀና ሳይሉ፣ «ገና ነሽ» ይላሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ገና። ሌላ ሰው ቢሆን ተቀይሞ ማሽላ ንግድ ውስጥ ይገባ ነበር። ዙሀይራ ግን እናቷን ትወዳለች፤ ከዚያም በላይ የእናቷን አፍንጫ ታምናለች። ገና ናት ካሉ ገና ናት ብላ ተቀመጠች።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ሐሙስ፣ በገበያው ቀን፣ አንድ ሻጭ በኮባ የተጠቀለለ ትልቅ ቅቤ ይዞ መጣ። ሞሚና ወስፌዋን ሰደዱ፣ አሸቱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ንጹሕ ነው» አሉ። ዙሀይራ ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ ተቀምጣ የዘይቱ ሽታ ደርሷት ነበር። አፏን ልትከፍት አለችና ተወችው። ወስፌ የያዘችን ሴት በገበያ መሀል ማረም ነውር ነው፤ ያቺ ሴት እናት ስትሆን ደግሞ ምን ይባላል? ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብላም አሰበች። በማግስቱ፣ ጎረቤታቸው ጤቤ ያንን ቅቤ ገዝታ የሸጠችላት አንዲት ደንበኛ በብረት ድስት ይዛው ተመለሰች፤ ስታነጥረው የዘይት ሽታ ቤቷን ሞልቶታል። ጤቤ ከአዴ ሞሚና ጋር ሃያ ዓመት ጎን ለጎን የሠራች፣ ቡሄ በመጣ ቁጥር ለዙሀይራ ልጆች ዳቦ የምትልክ ሴት ናት። ነገሩን በሳቅ አለፈችው። «እሳቸውም ሰው ናቸው፤ ጉንፋን ይዟቸው ይሆናል» አለች።

ጉንፋኑ ግን አልለቀቀም። በሁለተኛው ወር ሦስት ጊዜ ተሳሳቱ። ከዚያ ሌላ ሌላው ተከተለ። የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ሰግደው ሲያበቁ ታጥበው፣ ውዱእ አድርገው፣ እንደገና ይሰግዳሉ። ከሞቱ አሥራ ሁለት ዓመት ለሆናቸው ባላቸው ምሳ ይቀመጥ ይላሉ። አንድ ቀን ከቤት ወጥተው ጠፉ። የተገኙት በስንዴ ማሳ ዳር፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «የቅቤ ተራውን ወዴት ወሰዳችሁት?» ብለው አንድ የኮምባይን ሾፌር ሲጠይቁ ነው። ሾፌሩም ደግ ሰው ሆኖ ማሽኑን አቁሞ በባጃጅ አሳፍሮ ላካቸው።

ሰው ሁሉ ምክንያቱን ያውቀዋል፤ በእኛ አገር ምክንያት የማያውቅ ሰው የለም። አንዱ የሰው ዓይን ነው አለ። አንዱ እርጅና ነው፣ ዱዓ አድርጉላቸው አለ። አብዛኛው ሴት ግን የተስማማው በአንድ ነገር ነው፤ አናታቸው ደርቋል። ቅቤ ሲሸጡ ኖረው ለራሳቸው አናት መቀባቱን ረስተውት ነው። ለዙሀይራ ይሄኛው ቃል ልቧ ውስጥ ገባ። እውነትም እናቷ ለጋውን ሁሉ ለሰው እየመረጡ፣ ለራሳቸው ከዒድ እስከ ዒድ ነበር የሚቀቡት።

በመጨረሻ ጎባ ያለ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ሐኪሟ ዶክተር ሌንሳ የምትባል፣ ከዙሀይራ ታላቅ ልጅ ብዙም የማትበልጥ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ልጅ ናት። ሞሚናን ስለ ቀኑ፣ ስለ ወሩ፣ ስለ ልጃቸው ስም ጠየቀቻቸው። የልጃቸውን ስም መለሱ። ቀኑን ሐሙስ ነው አሉ፤ ማክሰኞ ነበር። ሰዓት ይሳሉልኝ ስትላቸው ክቡን አሳምረው ሠርተው ቁጥሮቹን ሁሉ በአንድ ጥግ አጨናንቀዋቸው ቁጭ አሉ። ደሙም ታየ፣ ሻሸመኔ ተወስደውም የራስ ቅል ፎቶ ተነስተው ተመለሱ። ዶክተር ሌንሳ፣ «አልዛይመር ይመስለኛል» አለች።

«አናታቸው ደርቆ ነው?» አለች ዙሀይራ።

ሐኪሟ አልሳቀችባትም። እንዲያውም ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቀረበች። «ደርቆ አይባልም። ግን ስለ ስብ ማንሳትዎ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። የአንጎል ውሃው ቢወጣ ከቀሪው ከግማሽ በላይ ስብ ነው። ስብ ደግሞ፣ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፣ ከውሃ ጋር አይስማማም፤ ብቻውን አይጓዝም። ተሸካሚ ያስፈልገዋል። ተሸካሚዎቹ ፕሮቲኖች ናቸው። አንዱ አፖ ኢ ይባላል። ከአንዱ ሕዋስ ስቡን ተቀብሎ ለሌላው ያደርሳል። ሰው ከእናት ከአባቱ የሚወርሰው የተለያየ ዓይነት አለው፤ አንደኛው ዓይነት ሸክሙን በደንብ አይዝም። ያ ሲሆን ስቡ ማደር በሌለበት ቦታ ይከማቻል፣ የሚፈልገው ሕዋስ ደግሞ ይራባል።»

ይራባል። ዙሀይራ ከዚህ ቃል በኋላ ምንም አልሰማችም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ የምትሰማው ነገርም አልነበረም። ሞሚና በዚያች ቅጽበት ተነስተው በሩን ከፍተው ወጥተው ነበርና። ዙሀይራ ካርዱንም ቦርሳውንም ትታ ተከትላ ሮጠች። ያገኘቻቸው በግቢው በር ላይ፣ በጎባ ብርድ ነጠላቸውን ጥለው፣ የሚገባውን ሰው ሁሉ «አካም ጅርቱ» እያሉ ደኅንነቱን ሲጠይቁ ነው። አንዲት ነርስ ቦርሳውንና የመድኃኒት ወረቀቱን አምጥታ ሰጠቻት። እንደገና ወደ ውስጥ መመለስ እናቷን እንደገና ማሳደድ ነው። የሮቤ ሚኒባስ ደግሞ ሞልቶ ሊነሳ ነው። ገቡና ሄዱ። የሐኪሟ ንግግር ቀሪው ግማሽ ጎባ ቀረ።

መንገዱን ሙሉ ዙሀይራ አንዲት ነገር ታመላልሳለች። አንጎል ስብ ነው። ስቡ አልደረሰም። እናቴ ተርባለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ስብ ስመዝን የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የእናቴ ራስ በረሃብ ሲያልቅ ቁጭ ብዬ አያለሁ? ሌላ ሰው ይህን ቢሰማ ግራ ይገባው ነበር። ቅቤ ነጋዴ ግን ግራ አይገባውም፤ መድኃኒቱ ቤቱ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከገበያው የመጣውን ለጋ ሁሉ የመጀመሪያውን ለእናቷ አስቀረች። ጠዋት ጠዋት አቅልጣ አንድ ስኒ ታጠጣቸዋለች። ሲተርፍ ጸጉራቸውን መሀል ለመሀል ከፍላ ለብ ያለውን ትቀባለች፣ ላስቲክ ታለብሳለች፣ ከላይ ሻሽ ታስራለች። ሞሚና ስኒውን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። «ይጠጡ አዮ፣ ለራስዎ ነው» ትላቸዋለች። እንደ ሕፃን አፋቸውን ይከፍታሉ። ከንፈራቸውን በእጇ ትጠርግላቸዋለች፤ የምታድናቸው መሰላት፣ ደስም አላት።

በዘጠነኛው ቀን አንድ ነገር ሆነ። ሞሚና ፀሐይ ላይ ተቀምጠው፣ ጣታቸውን ከሻሹ ሥር አስገብተው የቀለጠውን ቅቤ አወጡ። በእጃቸው ጀርባ አሹት፣ ወደ አፍንጫቸው ወሰዱት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «የዲንሾ ነው» አሉ። «ክረምት ላይ የተናጠ።»

የዲንሾ ነበር። ዙሀይራ ራሷ ናት ከዲንሾ ሴት የገዛችው። እዚያው ደጁ ላይ አለቀሰች፣ አልሐምዱሊላህ እያለች እግራቸውን ሳመች። ወደ ጤቤም ሮጣ ነገረቻት። በግምት ነው የሚል ሰው ቢኖር ኖሮ ትጣላው ነበር። ከማግስቱ ጀምሮ ስኒው ሁለት ሆነ፤ አንድ ጠዋት፣ አንድ ከዐስር ሶላት በኋላ።

ሆድ ያንን ሁሉ አይችልም። የሰባ አራት ዓመት ሴት ሆድማ ጨርሶ አይችልም። ተቅማጡ ሲጀምራቸው ሞሚና ምን እንደያዛቸው መናገር አልቻሉም፤ ልብሳቸውን ይደብቃሉ እንጂ። ዙሀይራ ስታገኘው «ቆሻሻው እየወጣላቸው ነው» ብላ አራት ቀን ቆየች። እንዲህ ያለው ነገር ሲጻፍ ያናድዳል፤ ያኔ ቤቱ ውስጥ ሆኖ ላየው ግን ፍቅር ነው የሚመስለው፣ ፍቅርም ነበር። በአምስተኛው ቀን ለዙህር ውዱእ ሲያደርጉ ውሃው ላይ ወደቁ። ዓይናቸው ተከፍቶ የማያይ ሆነ።

ጎባ ስድስት ቀን ተኙ። ግሉኮስ በክንዳቸው እየገባ፣ አንዴ እናታቸውን እየጠሩ፣ አንዴ የሌለ ቅቤ እየወጉ። ዶክተር ሌንሳ የተፈጠረውን ስትሰማ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ዙሀይራን ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀምጣ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ያን ቀን ሳልጨርስ ነው የወጣችሁት» አለች። «ልነግርዎት የነበረው ይሄን ነው። ከውጭ የሚመጣ ስብ አንጎል ውስጥ አይገባም። አንጎል በሩን ዘግቶ የራሱን ስብ ራሱ ይሠራል፣ ተሸካሚውንም ራሱ ይሠራል። የተጠጣውም የተቀባውም ቅቤ እዚያ አይደርስም።»

«ታዲያ በምን ይደርሳል?»

«እኛ የምናደርስበት መንገድ እስካሁን የለም። የሚመራመሩ አሉ። እኔ ግን ዛሬ እጄ ላይ የለኝም።»

ዙሀይራ እጆቿን አየቻቸው። ከልጅነት ጀምሮ ቅቤ የገባባቸው፣ ታጥበውም ሽታው የማይለቃቸው እጆች ናቸው። «እኔ ነኝ ያባስኩባቸው?» አለች።

«መድከማቸው ጎድቷቸዋል፤ አልዋሽዎትም። በሽታው ግን ያለ እርስዎም እዚህ ይደርስ ነበር።»

«መቼ?»

«አላውቅም።»

ዙሀይራን እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳት ይሄ አላውቅም ነው። አንድ ዓመት ይሁን አንድ ወር፣ ያጠፋችው ስንት ቀን እንደሆነ የሚነግራት የለም። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ያ ሸክም የማይችለው ዓይነት፣ እኔስ ወርሼው ይሆን?» ብላ ጠየቀች። ዶክተር ሌንሳ ሊሆንም ላይሆንም እንደሚችል፣ እናትዮዋም ራሳቸው ይኑራቸው አይኑራቸው እንደማይታወቅ፣ ዓይነቱ ኖሮት የማይታመም፣ ሳይኖረውም የሚታመም ብዙ ሰው እንዳለ፣ ምርመራው እዚህ እንደማይሠራ ነገረቻት። «ባውቀውም የምሰጥዎት መድኃኒት የለኝም» ብላ ጨመረች። እውነተኛ ልጅ ናት። ዙሀይራ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከአልጋዋ ሳትነሳ የእጇን ጀርባ ታሸታለች። እስካሁን ይሸታታል።

ሞሚና ወደ ሮቤ ሲመለሱ ዙሀይራን አላወቋትም። ክፉ አልሆኑባትም፤ እንግዳ እንደሚያስተናግዱ ሰው ትሑት ሆኑባት። «አላህ ይስጥሽ፣ የማን ልጅ ነሽ?» ይሏታል ሾርባ ስታጎርሳቸው። የማን ልጅ እንደሆነች ትነግራቸዋለች። «ጎበዝ» ብለው መልሰው ይጠይቋታል። ወስፌዋን ግን ከእጃቸው አይለቁም። እንዳትወጋቸው ጫፏን በቡሽ ደፍናላቸዋለች።

ባለፈው ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ጤቤ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዛ መጣች። ገበያው ተጣልቷል። አንድ የጎሮ ሻጭ ንጹሕ ነው ይላል፣ ገዢው ዘይት አለበት ይላል፣ ነጋዴው ለሁለት ተከፍሏል። «ዙሀይራ ትየው ብለናል» አለች ጤቤ። «ግን ወስፌዋን ይዛ ካልመጣች ቃሏን አንቀበልም ያሉ አሉ። ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

ዙሀይራ ከእናቷ ፊት ተንበረከከች። «አዮ፣ ወስፌዋን ያውሱኝ። አሁን እመልሳለሁ።»

ሞሚና እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ። «ይቺማ አትሆንም። ይቺ የልጄ ናት።»

ጤቤ አላስቻላትም። «አዴ ሞሚና፣ ልጅዎ ዙሀይራ እኮ ይቺው ናት።»

ሞሚና ዙሀይራን ከላይ እስከ ታች አዩዋት፤ ቅር እንዳይላት ፈገግ አሉ። «አይደለችም። ይቺም ደግ ናት። የኔ ልጅ ግን ሌላ ናት። አፍንጫዋ ከኔ ይበልጣል። ከኔ ከበለጠች ስንት ዓመቷ።»

ዙሀይራ እንደተንበረከከች ጠጋ አለች። «ነግረዋታል ይሄን?»

«አልነገርኳትም። ገና ነሽ እላታለሁ።»

«ለምን?»

«ወስፌዋን ከሰጠኋትማ እኔ እቤት ልውል አይደል?» አሉ ሞሚና፣ እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር የሚጠየቁ ሰው እንዳልሆኑ ሁሉ። «ከጎኗ መቀመጥ እወዳለሁ። አሁን ግን ደክሞኛል። ሐሙስ ነጋዴው ሁሉ ባለበት ተነስቼ፣ ከእንግዲህ እሷን ጠይቁ እላለሁ። ዛሬ ምንድን ነው ቀኑ?»

«ሐሙስ ነው» አለች ጤቤ፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ።

«እንግዲያው ትመጣለች። እጠብቃታለሁ።» ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

ጤቤ ዙሀይራን በክንዷ ያዘቻት። «ሰምቻለሁ፤ ለገበያው እመሰክርልሻለሁ» አለቻት በሹክሹክታ። ዙሀይራ ሻሿን አስተካከለች፣ በሩን ከፍታ ወጣች፣ ደጁ ላይ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ፣ ከገበያ እንደምትመለስበት ቀን ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ገባች።

«አሰላሙ ዓለይኩም አዮ፣ መጣሁ።»

ሞሚና ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ፊቷ ላይ ቆየ።

«ወዓለይኩም ሰላም» አሉ ሞሚና። «ከገበያ ነው የመጣሽው? ልጄን አላየሻትም?»

«አይቻታለሁ» አለች ዙሀይራ። «መንገድ ላይ ናት።»

ከጎናቸው ተቀመጠች። ጤቤ ቅቤውን ይዛ ብቻዋን ወደ ገበያ ተመለሰች።